ከንስር እስከ ጥንብ አንሳ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ የተነገረው ለሰው ልጅ ስም ነው። ለሰማይ አዕዋፍ ስም ያወጡላቸው ግን እረኛው፣ አራሹ፣ ሲራራ ነጋዴው፣ ጫጩት ጠባቂዋ ባልቴትና በሐይቅ ላይ የሚያነጋው ዓሣ አጥማጅ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ስም ሲያወጡ ጉባኤ አልተቀመጡም፤ መጽሐፍም አልገለጡም። ለዘመናት ካዩት፣ ከሰሙት፣ ከተጎዱበትና ከተጠቀሙበት ነገር የደረሱበትን ፍርድ በአንድ ቃል ቋጥረው ለልጆቻቸው አስረከቡ። ስለዚህ አንድን የወፍ ስም አጥብቆ የመረመረ ሰው የሚያገኘው የወፉን መልክና ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ስሙን ያወጣውን ሕዝብ ኑሮ፣ ስጋት፣ ተስፋና ትዝብት ጭምር ነው።

ይህ እውነት ሥጋ በል በሆኑት አዕዋፍ ስም ላይ ጎልቶ ይታያል። ከእነዚህ አዕዋፍ አንዱ በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተሥሎ ይከበራል፤ ሌላው በቄራ አጥር ላይ ተቀምጦ ይሰደባል። አንዱ የጀግና ቅጽል ሆኗል፤ ሌላው የስግብግብ ሰው መጠሪያ ነው። አንዱ ሲታይ መንገደኛው ደስ ይለዋል፤ ሌላው ሲታይ ባልቴቷ ድንጋይ ታነሣለች። ይህን ሁሉ ልዩነት ያመጣው የወፎቹ ተፈጥሮ ነው ወይስ የሰው ፍርድ? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ከእነዚህ አዕዋፍ አንዳንዶቹ ከምድር ገጽ ሊጠፉ በተቃረቡበት በዚህ ዘመን፣ በስማቸው ውስጥ ያደረውን ፍርድ መልሶ መመርመር የሚገባ ሆኗል።

ከሐዋሳ መሀል ከተማ ተነሥቶ የዲላን መንገድ ይዞ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ቱላን ያገኛል። ቱላ ዛሬ ከሐዋሳ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው፤ ይሁን እንጂ ከተማነቱ ገጠርነቱን ገና ጨርሶ አልዋጠውም። በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ሱቁ፣ ሻይ ቤቱና ልኳንዳ ቤቱ ተደርድሯል፤ ከዚያ ጀርባ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ባሕር ዛፉና የከብት መሰማሪያው ይቀጥላል። ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲግልና ሞቃቱ አየር ወደ ላይ መነሣት ሲጀምር፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ሳያርገበግቡ የሚዞሩ ወፎች በሰማዩ ላይ ይታያሉ። ከብት የሚጠብቀውን ልጅ ምን እንደሆኑ በአማርኛ ለሚጠይቀው ሰው ልጁ ቀና ብሎ ያያቸውና «አሞራ» ብሎ ይመልሳል።

መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል። ያ አንድ ቃል ጭራዋ እንደ ዓሣ ጭራ ለሁለት የተከፈለውን ወፍም፣ ራሱና አንገቱ ላባ የሌለውንም፣ ደረቱ ነጭ ጭራው ቀይ የሆነውንም፣ አናቱ ላይ ረጅም ጉትያ ያቆመውንም ሁሉ በአንድ ጥላ ሥር ያስገባል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ እንግዶች ይጨመራሉ። ስምጥ ሸለቆንና ቀይ ባሕርን ተከትሎ በተዘረጋው የፍልሰት መሥመር በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ አዳኝና ሌሎች በአየር ላይ የሚያንሳፍፉ ትልልቅ አዕዋፍ ያልፋሉ። ይህ ሁሉ ሠራዊት «አሞራ» ተብሎ ሲታለፍ ቋንቋው ደኸየ ማለት ነው። የበሬውን ቀለም ቡሬና ዳልቻ ብሎ የሚለይ አራሽ፣ በራሱ ላይ ስለሚዞረው ፍጡር ይህን ያህል ቃል ያጥረዋል ብሎ ማመን ያስቸግራል።

በእርግጥም ቃል አላጠረውም። ስሞቹ በአረጋውያን አፍ፣ በመዝገበ ቃላትና በብራና ላይ አሉ። ተሰብስበው ሲታዩም በአምስት ጎዳና የመጡ ይመስላሉ፤ በሥራ፣ በጉዳት፣ በገድ፣ በክብርና በንቀት።

በሥራ ከተሰየሙት መካከል ግልጹ ዓሣ አውጭ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ስሙ ራሱ ወፍን በሚያነሣው በአሞራ ገደል፣ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ሲያራግፉ የሚውለው የወፍ ጉባኤ የታወቀ ነው። ከዚያ ጫጫታ ራቅ ብሎ በዛፍ ጫፍ ላይ፣ ራሱና ደረቱ እንደ ነጠላ የነጣ፣ ሆዱ እንደ ቡና የጠየመ ንስር ይቀመጣል። ውሃው ላይ አንዲት ሞገድ ስትሰበር ተወርውሮ ይወርዳል፤ እግሩን ብቻ ነክሮ ዓሣውን ያወጣል። የፈረንጅ ሊቃውንት በላቲን ስም ሲያወጡለት ጩኸቱን ሰምተው «ጯሂው» አሉት። በአማርኛ ግን በሥራው ዓሣ አውጭ ይባላል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የማይበሉትን አዕዋፍ ሲዘረዝር ይህን ስም ይጠቀማል። አንደኛው ስም ከጆሮ፣ ሌላኛው ከዐይን ተወለደ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

በጉዳት የመጣው ስም ከጓሮ ይነሣል። ጭልፊትና ጭላት የሚሉትን ቃላት ከሁሉ ይበልጥ የምታውቃቸው ዶሮ አርቢዋ ሴት ናት። ጆሮውን ለቃሉ የሚሰጥ ሰው በጭልፊት ስም ውስጥ ጭልፋን ይሰማል፤ ከድስት ወጥ እንደሚጨለፍ፣ ያቺም ወፍ ከጫጩቶች መካከል አንዱን ጨልፋ ትሄዳለችና። ወርዳ የምትነሣበትን ቅስት፣ የእጅ ጭልፋ ወደ ድስት ገብቶ የሚወጣበትን መንገድ ያየ ሰው የቃሉን ዝምድና ሩቅ አያደርገውም። ቃሉ የወጥ ቤት ቃል ነው፤ ስሙ ቁጣ አለበት፤ ነገር ግን ትዝብቱ የተሳለ ነው። ከሐይቁ ማዶ ያለው ኦሮምኛ ተናጋሪም ይህንኑ ወገን «ጩሉሌ» ይለዋል። ሁለቱ ስሞች ሲጠሩ የሚሰጡት ድምፅ የወፏን ስል ፉጨት የሚመስል ነው።

በገድ የተሰየመችው ገዴ ናት። ገድ ማለት ዕድል፣ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ያልቀናው ሰው ገደ ቢስ ይባላል፤ እናትም የምትወዳትን ልጅ ገዴ ብላ ትሰይማለች። በኦሪቱ ዝርዝር ገዴ ከንስር ቀጥላ ትመጣለች። ቀድሞ በእግርና በበቅሎ የሚጓዘው ነጋዴ ከመንደሩ ሲወጣ ዐይኑ ይህችን ወፍ ይፈልግ ነበር፤ አቀማመጧንና አበራረሯን አይቶ ጉዞው እንደሚቀናው ወይም እንደማይቀናው ይገምታል። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ መንገደኞች በወፍ ገድ እንደሚያዩ ጽፏል። ከእርሱ በፊት በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ደግሞ፣ በደጋው ሁሉ የምትታየውን፣ ጭራዋ ቀይ፣ ጀርባዋ ጥቁር የሆነችውን ወፍ በ1836 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ «ኦገር» የሚል ስም ሰጣት። ኦገር በጥንቷ ሮማ የወፍ በረራ አይቶ ዕጣን የሚናገር ሹም ነበር። የሮማው ሹምና የሐበሻው ሲራራ ነጋዴ ሳይተዋወቁ በአንዲት ወፍ ክንፍ ላይ ተገናኙ።

ለዘመናዊ ሰው ይህ አጉል እምነት መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ገድ የሚያይ ሰው ቢያንስ ወደ ሰማይ ያያል። የሲዳማ አያንቶዎች የፊቼ ጨምበላላ በዓል የሚውልበትን ቀን የሚወስኑት ከዋክብትን አይተው ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓሉን በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበው ይህ ዕውቀት አብሮ ከበረ። ሰማይን ማንበብ የጥንት ሰው ትምህርት ነበር፤ ከዚያ ትምህርት ከዋክብቱ የሌሊቱ ገጽ ከሆኑ አዕዋፉ የቀኑ ገጽ ናቸው።

ክብር ሁሉ የተሰጠው ለንስር ነው። ንስር የግእዝ ቃል ሆኖ ሳይለወጥ ወደ አማርኛ ገባ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዙፋን ከሚሸከሙት አርባዕቱ እንስሳ፣ በዓላቸው ኅዳር 8 ቀን ከሚውለው፣ አንዱ ገጸ ንስር ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ በንስር ይመሰላል፤ ምሥጢርን ከከፍታ አይቷልና። በመጽሐፈ ዕዝራ ሱቱኤል ደግሞ ከባሕር የሚወጣው ባለ 12 ክንፍና ባለ 3 ራስ ንስር የታላቅ መንግሥት ምሳሌ ነው። ዘመናዊው መሣሪያ ሲመጣም ክብሩ አልተለየውም። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው የመጀመሪያው አውሮፕላን «ንስረ ተፈሪ» ተባለ። ቤተ መንግሥቱ ለሞተር ክንፍ ስም ሲፈልግ ሌላ ቃል አላማረጠም።

በንቀቱ ጫፍ ላይ ጥንብ አንሳ ይገኛል። ስሙ ሲጠራ ሽታ ያለው ይመስላል። የሰው ንብረት ሲወድቅ ሊሻማ የሚመጣ ሰው ጥንብ አንሳ ይባላል፤ ከሙት ቤት የሚበላ፣ ከተሸነፈ የሚዘርፍ ሁሉ በዚህ ስም ይሰደባል። ጸሐፌ ተውኔቱም አጭበርባሪ ገጸ ባሕርይ ሲፈጥር ይህን ስድብ ያዋሰዋል፤ ተመልካቹም ይስቃል። አንድ ወፍ እንደዚህ ለሰው ነውር ማስቀመጫ ዕቃ ከሆነ በኋላ ዞር ብሎ ወፉን ራሱን የሚያየው ሰው ጥቂት ነው።

ሆኖም የአገራችን ሰው ልቡ በዚህ ጉዳይ አንድ አልነበረም። በጦር ሜዳ ቋንቋ አሞራ ነውረኛ አይደለም። በሽለላና በቀረርቶ ጀግናው አሞራን እንደ እንግዳ ይጠራዋል፤ ድግስ ተዘጋጅቶልሃል ይለዋል፤ ለገድሉም ምስክር ያደርገዋል። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በጎንደር በኩል ጠላትን ያስጨነቀው አርበኛ ውብነህ ተሰማ «አሞራው ውብነህ» ተብሎ ነበር የሚታወቀው። ስሙ ለእርሱ ስድብ አልነበረም፤ ከገደል ገደል የሚወረወር፣ ከላይ ሆኖ የሚያይ፣ በማይጠበቅበት ጊዜ የሚደርስ መሆኑን የሚመሰክር ማዕረግ ነበር። ስለዚህ አንዱ ቃል በገበያ ስድብ፣ በጦር ሜዳ ሹመት ሆኖ ኖሯል።

አሁን ወደ ጥያቄው ሥር መውረድ ያስፈልጋል። ንስርና ጥንብ አንሳ በእርግጥ ይህን ያህል የተራራቁ ናቸውን? ለዚህ አንድ የቆየ ምስክር አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲጓዝ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ አሽከሮቹ ጫፉ ላይ ዐረፉ። የፍየል ሥጋ ተቀቅሎ ሊበላ ሲል አንድ ግዙፍ ወፍ ዝቅ ብሎ መጣ። ሰዎቹ እየጮኹ ጦራቸውን ለማንሣት ሲሯሯጡ፣ ወፉ ሳይደነግጥ እግሩን ወደ ብረት ድስቱ ሰደደ፤ የፈላው ውሃ ሲያቃጥለው ትቶ፣ በገበታ ላይ የተቀመጠውን ጭንና ወርች በሁለት እግሩ ጨብጦ ወጣ። ቆይቶ ተመልሶ ሲመጣ ብሩስ በጥይት ጣለው። በ1790 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ይህን ወፍ በአገሬው ስም «ንስር ወርቅ» ብሎ መዘገበው፤ ተራው ሰውም «አባ ረጅም ጢም» የሚል ትርጉም ባለው ስም እንደሚጠራው ጨመረ። አናቱ ላይ ጉትያ ያለውን ሌላ ወፍ ደግሞ «ንስር ጥቁር» ብሎ አስፍሯል።

ብሩስ የሣለው ወፍ ምን እንደሆነ ዛሬ በግልጽ ይታወቃል። በስሜንና በባሌ ተራሮች የሚኖረው ጢማሙ አጥንት በል ነው። ይህ ወፍ ምግቡ በአብዛኛው የሞተ እንስሳ አጥንት ነው፤ ትልቁን አጥንት ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ከድንጋይ ላይ ጥሎ ይሰባብረዋል፤ ከዚያ ስብርባሪውን ይውጣል። በዘሩ ከጥንብ አንሳዎች ወገን ነው። ይህ ማለት የ18ኛው ክፍለ ዘመን የስሜን ሰው ከጥንብ አንሳ ወገን የሆነውን ወፍ ንስር ብቻ ሳይሆን ንስር ወርቅ ብሎ ይጠራው ነበር። ሊቃውንት ያወጡለት ሳይንሳዊ ስምም በግሪክኛ ሁለት ቃል የተጋጠመበት ነው፤ የመጀመሪያው ጥንብ አንሳ፣ ሁለተኛው ንስር ማለት ነው። የስሜን ገበሬና የአውሮፓ ሊቅ በዚህ ወፍ ፊት አንድ ዓይነት መገረም ገጥሟቸዋል።

ከቃሉ ታሪክም የሚገኘው ምስክርነት ወደዚሁ ያዘነብላል። የግእዙ ንስር፣ የዕብራይስጡ «ነሼር»ና የዐረብኛው «ነስር» አንድ ቃል ናቸው። በዐረብኛ ነስር በዋናነት ጥንብ አንሳው ነው። በዕብራይስጡ ነቢዩ ሚክያስ በመጀመሪያው ምዕራፉ ስለ ሐዘን ሲናገር የሰውን መላጣነት ከነሼር መላጣነት ጋር ያነጻጽራል። የንስር ራስ ግን ላባ የለበሰ ነው፤ ራሱ የተራቆተው ጥንብ አንሳው ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሊቃውንት በብሉይ ኪዳን በብዙ ስፍራ ነሼር የተባለው ታላቁ ጥንብ አንሳ ነው ይላሉ። እንግዲህ በሥዕል ግርማ የተላበሰውና በቄራ አጥር ላይ የሚሰደበው፣ ጥንት በአንድ ስም የሚጠሩ ዘመዳሞች ነበሩ። ዘመን ሲሄድ ስሙ ለሁለት ተከፈለ፤ ክብሩ ለአንዱ፣ ነውሩ ለሌላው ተረፈ።

ይህ ክፍፍል የግድ እንዳልሆነ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ መጥቀስ ይቻላል። በቲቤት ደጋ ጥንብ አንሳው «ጃጎ» ይባላል፤ የዱር ወፍ፣ ኃይለኛ ወፍ ማለት ነው። በዚያ አገር መሬቱ ድንጋይና በረዶ፣ እንጨቱም ብርቅ ስለሆነ፣ ከቡድሃ ሃይማኖት ትምህርት ጋር ተያይዞ፣ የብዙ ሰው አስከሬን በከፍታ ስፍራ ለእነዚህ ወፎች ይሰጣል። የሥርዓቱ ስም ለወፎች ምጽዋት መስጠት የሚል ትርጉም አለው። ሰው በሕይወቱ መጨረሻ የሚሰጠው የመጨረሻ ምጽዋት ሥጋው ነው፤ ተቀባዩም ወፉ ነው። የአገራችን ሰው ሙታኑን በአፈር ስለሚሸኝ ይህ ሥርዓት እንግዳ ይሆንበታል። ዳሩ ግን ሥራው አንድ ዓይነት የሆነ ወፍ፣ በአንዱ አገር ስድብ በሌላው አገር የምጽዋት ተቀባይ መሆኑ፣ ፍርዱ ከወፉ ሳይሆን ከሰው እንደሚመነጭ ያሳያል።

የወፉ ችሎታ ከታየ ደግሞ የንቀቱ ምክንያት ይጠፋል። በገደል ጎጆውን የሚሠራው፣ ጆፌ ከሚባሉት ትልልቅ አሞሮች ወገን የሆነው፣ ሳይንስ በሩፔል ስም የሚጠራው ጥንብ አንሳ፣ በኅዳር 1973 እ.ኤ.አ. በኮትዲቯር በአቢጃን ከተማ ሰማይ ላይ 11,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ከዚያ በላይ ሲበር የተመዘገበ ወፍ የለም። ከፍታን ለንስር፣ ዝቅታን ለጥንብ አንሳ ያደለው ቋንቋ፣ በሰማይ ላይ ከሁሉ በላይ የወጣው የትኛው እንደሆነ አላወቀም ነበር።

ሥራውስ? የጥንብ አንሳ ጨጓራ አሲድ እጅግ ብርቱ ስለሆነ አባ ሰንጋን የሚያመጡ ተሕዋስያን ሳይቀሩ በውስጡ ያልቃሉ። በአባ ሰንጋ የሞተ በሬ ሜዳ ላይ ቢቀር ለመንጋው ሁሉ መቅሠፍት ነው፤ ጥንብ አንሳዎች ከደረሱለት ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ አጥንቱ ብቻ ይቀራል። ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ መጓጓዣ አይጠይቁም፤ በዓልም አያውቁም። በኢትዮጵያ ከተሞች ቄራና ልኳንዳ ቤት ዙሪያ የሚታየው ራሰ ቀዩ ትንሹ ጥንብ አንሳ፣ የከተማ ጽዳት ሠራተኛ ከመቀጠሩ በፊት ጀምሮ ሥራ ላይ ነው።

ይህ ሠራተኛ ነው እያለቀ ያለው። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2015 እ.ኤ.አ. ይህን ትንሹን ጥንብ አንሳ፣ የሩፔልን ጥንብ አንሳና ሌሎች ሁለት የአፍሪካ ዝርያዎችን እጅግ አሳሳቢ በሆነ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ክፍል አስገባቸው። በዚያው ሰሞን የወጣ ጥናት ስምንት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎች ቁጥር በ30 ዓመታት ውስጥ በአማካይ በ62 በመቶ እንደቀነሰ አመለከተ። ከተመዘገቡት አሟሟቶች ከግማሽ በላይ የሚሆነው በመርዝ ነው። መርዙ ብዙ ጊዜ ለእነርሱ የታሰበ አይደለም፤ ከብት ለሚበላ ጅብና አውሬ፣ ለባለቤት አልባ ውሻ የተቀመጠ ነው። ውሻው ይሞታል፤ የውሻውን ሬሳ ለማንሣት የመጣው ወፍም አብሮት ይቀራል። የአውሮፓን ብርድ ሸሽቶ ከባልካን አገሮችና ከቱርክ ተነሥቶ አፋር የሚደርሰው ነጩ ጥንብ አንሳም የኤሌክትሪክ መሥመር ይጠብቀዋል።

እነርሱ ሲጠፉ የሚመጣው ምን እንደሆነ ሕንድ አይታዋለች። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል ትልልቆቹ ጥንብ አንሳዎች ከ95 በመቶ በላይ አለቁ። ምክንያቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ተደረሰበት፤ ለከብት ሕመም ማስታገሻ ይሰጥ የነበረው ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት፣ ከብቱ ሲሞት ሥጋውን የበላውን ወፍ ኩላሊት ይገድል ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. ሦስቱ መንግሥታት መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ። በመካከሉ ግን ሬሳው በየሜዳው ተከማቸ፤ ውሻ በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም አብሮ አደገ። ያ ሕዝብ የወፉን ዋጋ ያወቀው ሰማዩ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ጥፋቱ ከስሙ ከመጣ ስሙን መለወጥ ነው፤ በጥንብ አንሳ ፈንታ የሚያምር ቃል ይፈጠር የሚል ሰው ይኖራል። ይህ መንገድ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ግን ያጠራጥራል። ሕዝብ ያወጣውን ስም ጽሕፈት ቤት አይሽረውም። ደግሞም ስሙ ራሱ ሲመረመር በደል የለበትም። ጥንብ አንሳ ማለት ጥንብን የሚያነሣ ማለት ነው። ዓሣ አውጭ ዓሣ እንደሚያወጣ፣ ቆሻሻ አንሺ ቆሻሻ እንደሚያነሣ ሁሉ፣ ይህም የሥራ ስም ነው። የመጀመሪያው ስም አውጪ ሊሰድብ አልፈለገም፤ ወፉ የሚሠራውን አይቶ በታማኝነት ነገረ። ነውሩ የገባው በኋላ ነው፤ ሰሚው «አንሳ» የሚለውን ትቶ «ጥንብ» የሚለውን ብቻ ሲሰማ። በከተማ መንገድ ላይ ጎህ ሳይቀድ መጥረጊያዋን ይዛ የምትወጣውን ሴት በምታነሣው ቆሻሻ ስም የሚጠራ ሰው የሚሠራው ስሕተት ይኸው ነው። እንግዲህ መታረም ያለበት ቃሉ ሳይሆን ጆሮ ነው።

ጆሮን የሚያርመው ደግሞ ትምህርትና ጥበብ ነው። በቱላና በአካባቢው ያለው ልጅ አፉን የፈታው በሲዳምኛ ነው፤ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትም በዚሁ ቋንቋ ይሰጣል። በአያቱ ቋንቋ ያለው የወፍ ስም ሀብት፣ በአማርኛ ጥያቄ ሲቀርብለት «አሞራ» ከሚለው አንድ ቃል በስተጀርባ ተደብቆ ይቀራል። ከሐይቁ ማዶ ያለው የኦሮሞ ልጅም «ሪሳ» ብሎ ንስርን፣ «አላቲ» ብሎ አሞራን ይለያል። መምህሩ ተማሪዎቹን አንድ ቀን ከክፍል አውጥቶ ሰማይ ቢያሳያቸው፣ እያንዳንዱ ተማሪ የወፉን ስምና የስሙን ምክንያት ከአያቱ ጠይቆ እንዲመጣ ቢያዝዝ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ገጽ ያለው መዝገብ በእጁ ይገባል። የቤት ሥራው ወጪ የለውም። ጊዜ ግን አለው፤ እንሰቱ ተነቅሎ ቤት ሲሠራ፣ ወፉ የሚያድርበት ትልቁ ዛፍ ሲቆረጥ፣ እረኛው ከተሜ ሲሆን፣ ስሙን የሚያውቁት አረጋውያን ደግሞ በየዓመቱ ይቀንሳሉ።

የአማርኛ ሊቃውንት ለቃላት የከፈሉት ዋጋ ቀላል አይደለም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያዘጋጁትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ የራሳቸውንም የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ለአንባቢ አደረሱ። እነዚህ መጻሕፍት የተጻፉት በአንድ ሰው ዕድሜ በማያልቅ ትዕግሥት ነው። ነገር ግን መዝገበ ቃላት ቃሉን ይጠብቃል እንጂ ወፉን አይጠብቅም። ወፉን የሚጠብቀው መርዝ የሚያስቀምጠውን እጅ የሚመክር የቀበሌ አስተዳዳሪ፣ የከብት መድኃኒት የሚሰጥ የእንስሳት ሐኪም፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ የሚተክል መሐንዲስ ነው። እነዚህ ሰዎች ልባቸው እንዲነሣሣ ግን በመጀመሪያ ወፉን ማየት አለባቸው፤ እንዲያዩት የሚያደርገው ሠዓሊውና ጸሐፌ ተውኔቱ ነው። ሠዓሊው እስከ ዛሬ ለንስር ብቻ ያዋለውን ብሩሽ አንድ ጊዜ በቄራ አጥር ላይ ወደ ተቀመጠው ራሰ ቀይ ወፍ ቢመልስ፣ ጸሐፌ ተውኔቱም ስግብግቡን ሰው ሌላ ስም ቢፈልግለት፣ ጥበብ ለአንድ የተበደለ ፍጡር ካሣ ከፈለች ማለት ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ለሰው ልጅ ይህ መጽናኛ ነው፤ ሰውየው ቢያልፍ መልካም ሥራው በስሙ ይነሣልና። ለአዕዋፍ ግን መጽናኛ አይሆንም። የቱላ ልጅ ነገ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ጆፌ፣ ገዴ፣ ጥንብ አንሳ የሚሉትን ቃላት አንብቦ ቀና ሲል በሰማዩ ላይ የሚዞር ነገር ካጣ፣ ቃላቱ የመቃብር ላይ ጽሑፍ ይሆናሉ። ዛሬ ግን ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲግል ወፎቹ አሁንም ይወጣሉ፤ ስማቸውን የሚያውቁ ሽማግሎችም ከእንሰቱ ሥር ተቀምጠው ያዩአቸዋል። የሚጠይቃቸው ሰው ካገኙ ይናገራሉ።